ታንከሩ እስኪተፋ

«ከሰኞ ጀምሮ ዓሣው አይሠራም» አሉ ባና ሙሶንዳ።

መጀመሪያ የነገሩት ለእኔ ነው፤ አንገታቸውን በቦኖው መስኮት አስገብተው። ከዚያ ዞር ብለው ከኋላቸው ለቆመችው ሴት ነገሯት። ባልዲያቸው እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ለሰልፉ በሙሉ አዳረሱት።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ምድጃዬ አጠገብ ቆሞ ቪቱምቡዋዬን እየበላ። መንግሥት ነው የሚመስለው።»

«የበላበትን ከፈለዎት?»

«ግማሹን።»

«እንግዲያው መንግሥት ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። ባና ሙሶንዳ ግን አልሳቁም። ባልዲያቸውን አናታቸው ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ ድምፃቸው እየራቀ ይሰማኝ ነበር፤ «ከሰኞ ጀምሮ ዓሣው አይሠራም፤ ከሰኞ ጀምሮ…»

ዓሣ የምንለው የውሃ ሳንቲማችንን ነው። ከአሮጌ በርሜል ክዳን ተቆርጦ፣ መሃሉ ተበስቶ፣ አንድ ወፍራም ዓሣ የተመታበት ክብ ቆርቆሮ። የሰፈራችን የማሉንጋ ሰው እጁ ላይ ክዋቻ ሲገባ ከውሃ ማኅበራችን ዓሣ ይገዛል፤ እጁ ባዶ ሲሆን በዓሣው ይቀዳል። አንድ ዓሣ፣ አንድ ባልዲ። እየቆየ ዓሣው ከውሃም አለፈ። የሚኒባስ ረዳት መልስ ሲያጣ ዓሣ ይሰጣል። ባና ሙሶንዳ ቪቱምቡዋቸውን፣ ያን በዘይት የጠበሱትን የሊጥ ድብልብል፣ በዓሣ ሸጠው በዓሣ ይመልሳሉ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ከክዋቻ ሳንቲም ስለሚለይ ፓስተሩ ፊታቸው ይኮሳተራል፤ ግን ይቀበላሉ። ስለዚህ በየጣሳው፣ በየፍራሹ ሥር፣ በየቀሚሱ ጫፍ ተቋጥሮ ስንት ዓሣ እንዳለ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። የተሸጠበት ገንዘብ ደግሞ ድሮ ፓምፕ ሆኗል፣ ቱቦ ሆኗል፣ መብራት ሆኖ ነዷል።

እኔ ሉምባ እባላለሁ። ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል አደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በራሴ እግር ነው የሄድኩት። ደረቅ ካፔንታ፣ ያ የሐይቅ ትንንሽ ዓሣ፣ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ማንበብ አበዛሁ፤ ፓምፑ በመጣበት ካርቶን ውስጥ አይጥ የጀመረችው መመሪያ ነበር፣ እሱን እኔ ጨረስኩት። ስለዚህ ባና ሙሶንዳ ያሉትን ሰምቼ ስስቅ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። ያ ቆርቆሮ ምን እንደሆነ ከማንም በፊት ገብቶኝ ነበር፤ ዓሣ ማለት ማሉንጋ ለእኛ ያበደረችው ገንዘብ ነው። አበዳሪ ሁሉ በአንድ ቀን ብድሩን ልቀበል ብሎ በር ላይ ከቆመ፣ የቆመ ቤት የለም።

ያን ሰሞን ደግሞ ቆመን የነበረው በአንድ እግራችን ነው። ኮሌራው ከዝናቡ ጋር መጣ። ጤና ቢሮ በየግቢው ያሉትን ጉድጓዶች፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ለጎን የተቆፈሩትን፣ በአፈር አስደፈነ። ትክክል ነበር። ቡና ቤቶቹን ዘጋ፣ መኪና እጥበቱን ዘጋ፣ ጡብ ሠሪዎቹን አስቆመ። እሱም ትክክል ይሆናል፤ ግን የማኅበሩን ወጪ የሚሸፍኑት እነሱ ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለው የበሽተኞች ድንኳን ከታንከራችን በራሱ መስመር በነፃ እንዲቀዳ ታዘዘ። የሚከፍለው ተዘጋ፣ የማይከፍለው ተከፈተ። እኔ ይህን ስል አንዳንዱ ጨካኝ ይለኛል። ድንኳኑ ውስጥ፣ ከበሩ በሦስተኛው አልጋ ላይ፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት የተኛችው እናቴ ናት። ፓምፑ ቢቆም መጀመሪያ የሚደርቀው የእሷ ቧንቧ ነው። ሰውም ያን የተደፈነ አፈር በአንድ ምሽት ዝቆ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ እናቴን የጣላት ውሃ ደግሞ የዚያው ነው።

ረፋድ ላይ ሰልፉ መኪና እጥበቱ ድረስ ደረሰ።

ባልዲ ብቻ አይደለም የያዙት። ጀሪካን፣ በርሜል፣ የሕፃን መታጠቢያ፣ አንዷማ የንሺማ ገንፎ ድስቷን ከነቅራሪው አምጥታለች። ዓሣውን ክሎሪን ባለበት ሳህን ውስጥ ሲጥሉት ድምፁ አያቋርጥም፤ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ጣራ ላይ።

«ይህን ሁሉ ውሃ ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኳት ባለ ድስቷን።

«ሰኞ ስትዘጊብኝ እጠጣዋለሁ።»

«ሰኞ አልዘጋም።»

«የሚዘጋ ሰው ‹እዘጋለሁ› ብሎ አያውቅም፣ እህቴ። ባሌም ‹እሄዳለሁ› አላለኝም ነበር።»

ቀዳሁላት። ዓሣው እውነተኛ ነው፣ የእኛው ማኅተም ያለበት። አልቀበልም ብል የባና ሙሶንዳን ወሬ በገዛ አፌ ማጽደቅ ነው። በየአምስት ባልዲው ቀና እያልኩ ታንከሩን አየዋለሁ። አራት የብረት እግር አለው፣ ከጎኑ ደግሞ ደረጃውን የሚያሳይ ጠቋሚ፤ ታንከሩ ሲጎድል ቀይዋ ምልክት ወደ ላይ ትወጣለች። ቀይዋ እየወጣች ነበር።

ሰማያዊው ቱታ የመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የመብራት ድርጅቱ ሰው፣ ሲያሜ የሚሉት። ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድ ሽማግሌ ይመስላል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«የድርጅቱ መኪና የት ሄዳ ነው በእግርህ የምትንቦራጨቀው?» አልኩት።

«ታች ናት። ጭቃችሁ አያሳልፋትም።» የመብራት ዕዳችንን ወረቀት አወጣና በመስኮቱ አቀበለኝ። ጥጉ ላይ የዘይት አውራ ጣት አርፎበታል። ወረቀቱን ሳይሆን ጣቱን አነበብኩ።

«አንተ ነህ ለባና ሙሶንዳ የነገርክ።»

«የነገርኩት እውነቱን ነው። ዓርብ ካልከፈላችሁ መሰላሌን ይዤ መጥቼ ሽቦውን ከምሰሶው አወርደዋለሁ። መብራት ከሌለ ፓምፕ የለም። ፓምፕ ከሌለ ሰኞ ያ ቆርቆሮ ለምን ይሆናል? ለጆሮ ጌጥ?»

«ድንኳኑስ?»

ወደ ትምህርት ቤቱ አየ። ለአንድ አፍታ የሰው ፊት ነበረው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እህቴ። ዓርብ።»

እጁን አጣምሮ በጭቃው ውስጥ ተመለሰ። ሰልፉ በሙሉ ሰምቷል። ከኋላ ያሉት ወደፊት መግፋት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ በፓምፕ ቤቱ ጥላ ሥር ከባ ሳካላ ጋር ተቀመጥን። ባ ሳካላ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ዕድሜያቸውን በመዳብ ማዕድን ውስጥ ጨርሰው የመጡ፣ ሲናገሩ ከመሬት በታች ለቆመ ሰው ይመስል የሚጮኹ ሰው።

«ድምፅ ማጉያ ይዤ እዞራለሁ» አሉ። «‹ወሬው ሐሰት ነው› እላለሁ።»

«ባ ሳካላ፣ በድምፅ ማጉያ ሐሰት ነው የተባለ ነገር ሐሰት ሆኖ ያውቃል? ዛሬ ያልሰማው ነገ ከእርስዎ ይሰማል።»

«እንግዲያው ዓሣ መቀበል እናቁም። ክዋቻ ያለው ይቅዳ።»

«ያን ጊዜ ቦኖዬን ከነእኔ ያቃጥሉታል። እርስዎ ደግሞ ቤትዎ ቅርብ ነው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ፤ መላ እዚያ ተቀምጦ እንደሆነ።

«ከዋናው የውሃ ድርጅት እንበደር?»

«እነሱ እኮ ከእኛ ሊበደሩ ነው የሚፈልጉት። ከተማው በሙሉ ‹በወረርሽኝ ጊዜ ማን ይከፍላል› ብሎ ተቀምጧል።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ሹል ነው። ሹል ነገር ደግሞ መቅደድ ብቻ ሳይሆን መስፋትም አለበት። ምን ይሁን ትያለሽ?»

እዚህ ላይ ቀና አልኩ። ከታንከሩ አናት አጠገብ ወደ ታች የታጠፈ አጭር ቱቦ አለ፤ ታንከሩ ጢም ሲል ትርፉ በዚያ ይፈስሳል። እኛ «ታንከሩ ተፋ» እንላለን። ማሉንጋ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ታንከሩ ሲተፋ ልጅ ሳሙናውን ይዞ ሥሩ ይሮጣል፣ እናት ባልዲዋን አስቀምጣ ወሬ ትጀምራለች፣ ማንም አይቸኩልም። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ተፍቶ አያውቅም። ሰው ለምን እንደፈራ ሲጠየቅ ዓሣውን ይናገራል እንጂ፣ ፍርሃቱን የጀመረው ጆሮው ነው።

«ነገ ጠዋት፣ ሰልፉ ሲቆም፣ ታንከሩ ይትፋ» አልኩ።

ባ ሳካላ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሰው በውሃ እጦት በሚሞትበት ሰሞን ውሃ መሬት ላይ ልታፈሺ?»

«አዎ።»

«ሞልቶ ነው የሚፈስሰው፤ ምን ይሞላዋል? ቀይዋ አናት ላይ ደርሳለች!»

«ማታ ቦኖዎቹ ይዘጋሉ። ፓምፑ ሲያድር ይሞላል።»

«ድንኳኑ ሲያድር ይቀዳል። ከመሙላቱ በፊት ይነጋል። አስልተሽዋል?»

አስልቼው ነበር። የድንኳኑ መስመር ከተዘጋ ይሞላል፤ ካልተዘጋ አይሞላም። ለባ ሳካላ ይህን አልነገርኳቸውም። ሽማግሌ ናቸው፤ እሺ ቢሉም እምቢ ቢሉም ነገሩ ከእድሜያቸው ይበልጣል። ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ሲስተር ንጎማ በር ላይ ክሎሪን ባለበት ጆንያ ላይ አቆመችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ የተኛች አትመስልም፤ ፀጉሯ ላይ ያሰረችው ጨርቅ ተንሸራቶ አንድ ቅንድቧን ሸፍኗል።

«እናትሽ ደህና ናት። መጠየቂያ ሰዓት አይደለም።»

«እናቴን አይደለም የምጠይቅሽ። ውሃሽን ነው።»

ነገርኳት። ሳላሳምር፣ ሳላሳጥር። ሌሊቱን እንድትቀዳ፣ ሊነጋጋ ሲል ግን ልዘጋባት እንደምፈልግ። ሁለቱን በርሜሎቿን ቀድማ እንድትሞላ።

«እናትሽ እዚህ ተኝታ?»

«እናቴ እዚያ ስለተኛች ነው በመጀመሪያ ላንቺ የመጣሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ሳይነግርሽ ይዘጋዋል።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«ዓርብ ሽቦው ሲወርድ ቅዳሜ ስንት በርሜል ይኖርሻል?»

አየችኝ። ሴትዮዋ ብልጥ ናት፤ ብልጥ ሰው ሲናደድ መቁጠር ይጀምራል። «ሁለት በርሜል ፀሐይ እስክትወጣ ያደርሰኛል» አለች። «ከዚያ ሽርጤን አውልቄ አውለበልብልሻለሁ። ሽርጤን ካየሽ ትከፍቺዋለሽ። ታንከርሽ ተፋ አልተፋ አላውቅም። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ።»

«ማዪልኝ።»

«በእናቴ።»

«አይ፣ በእናትሽማ አትማዪ» አለችና ገባች።

ዶሮ ሳይጮህ የድንኳኑን መስመር ቫልቭ ዘጋሁት። መንኮራኩሩ ዝጓል፤ ሲዞር እንደ ሰው ያቃስታል። ከዚያ ፓምፑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፁን አዳመጥኩ። ፓምፕ እንደ ላም ነው፣ ሲጠግብና ሲርበው ድምፁ ይለያል። ቀይዋ ምልክት በጨለማው ውስጥ ትወርድ እንደሆነ አላያትም፤ የታንከሩን ሆድ በድንጋይ እያንኳኳሁ ከፍ እያለ የመጣውን ውሃ በጆሮዬ ተከተልኩት። መጀመሪያ ሁሉም ባዶ ይጮህ ነበር። ከዚያ እስከ ወገቡ ደነቆረ።

ሰማዩ ሲገረጣ ሰልፉ ቆሟል። ትናንት ከነበረው ይበልጣል። ከፊት የቆሙት፣ ማን ይሆናሉ፣ ባና ሙሶንዳ ናቸው። ሁለት በርሜል በጋሪ ጭነዋል፣ ወገባቸው ላይ ደግሞ የታሰረ ጨርቅ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚንኳኳ። የዓመታት የቪቱምቡዋ ሽያጫቸው በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

«ክፈቺ እንጂ!»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ፀሐይዋ ወጥታ!»

«የእርስዎ ፀሐይ ትቸኩላለች።»

ቀይዋ ምልክት ታች ልትደርስ የክንድ ያህል ቀርቷታል። መብራቱ ደክሟል፤ ፓምፑ እንደ ሳል ያዘው ሰው ይቆራረጣል። በዝናብ ወራት ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ይህን ማስላት ነበረብኝ። ባ ሳካላ ከሰልፉ ጎን ቆመው ባርኔጣቸውን ይጨምቃሉ። ቀና ብለው ያዩኛል፣ ወደ ታንከሩ ያያሉ፣ እንደገና ያዩኛል።

ከዚያ ሽርጡን አየሁት።

ትምህርት ቤቱ ከፓምፕ ቤቱ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ የድንኳኑ በር እንደ መዳፍ ይታያል። ሲስተር ንጎማ በር ላይ ቆማ ነጭ ሽርጧን ታውለበልባለች። መጀመሪያ ቀስ ብላ። ከዚያ በሁለት እጇ።

እጄ ቫልቩ ላይ ነበር። ብከፍተው ውሃው ወደ ታች ይሄዳል፣ ቀይዋ ትወጣለች፣ ታንከሩ ዛሬም ነገም አይተፋም፤ ሰልፉ ታንከሩን እስከ ዝቃጩ ይልሰዋል፣ ዓርብ ሲያሜ መሰላሉን ይዞ ይመጣል። ካልከፈትኩት፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለችውን፣ የወለደችኝን ሴት አውቃታለሁ፤ የውሃ ጥም ሲይዛት ከንፈሯን በምላሷ ትመታለች።

ከሰልፉ መሃል የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መዝሙር ጀምረዋል፣ ሰዓቱን ለመግፋት። «ይህች መዝሙር እስክታልቅ» አልኩ ለራሴ። መዝሙሯ አለቀች። ሌላ ጀመሩ። እጄን አላዞርኩትም። ሽርጡ ይውለበለባል። ባ ሳካላም አዩት፤ አሁን ገባቸው።

«ሉምባ!» አሉ፤ በማዕድን ድምፃቸው። «ሉምባ፣ ልጄ፣ ክፈቺው!»

«አንድ ጊዜ!»

«እናትሽ ናት!»

«አውቃለሁ የማን እናት እንደሆነች!»

ሰልፉ ጸጥ አለ። ሰው ስለምን እንደምንጮህ አያውቅም፤ ግን ጩኸቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ባና ሙሶንዳ የጋሪያቸውን እጀታ ለቀቁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታንከሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

መጀመሪያ አየር ነው የወጣው፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፤ ከዚያ ያ የታጠፈ ቱቦ ክንድ የሚያህል ውሃ መሬት ላይ ለቀቀ። ጭቃው ተረጨ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሕፃን፣ ከእናቷ ጀርባ ሆና፣ ሳቀች፤ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች።

እኔ ያን ጊዜ ፊቴን አዙሬ ቫልቩን በሁለት እጄ እየፈታሁ ነበር። መንኮራኩሩ ስዘጋው እንደነበረው አልሆነም፤ እምቢ አለ። በእግሬ ረገጥኩት። አቃሰተ፣ ዞረ፣ ውሃው በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ሲሮጥ ከእግሬ ሥር ተሰማኝ። ሽርጡ ወረደ።

ከዚያ ሄጄ የቦኖውን መስኮት ከፈትኩ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው፤ ግን መስኮቱ ከወገብ በላይ ነው የሚያሳየው።

«ተራው የማን ነው?» አልኩ፤ እንደ ደከመው ሰው፣ እንደ ሰለቸው። «ቶሎ ቶሎ በሉ፤ ታንከሩ እየፈሰሰብኝ ነው።»

ባና ሙሶንዳ በርሜሎቻቸውን አዩ። ታንከሩን አዩ። ቤታቸው ውስጥ ትናንት የሞሉት ውሃ እስከ አልጋቸው ድረስ ተደርድሯል፤ ሁሉም ያውቃል። «እ… አንድ ባልዲ» አሉ።

«አንድ ብቻ? ሰኞ ዓሣው አይሠራም አይደል?»

«አይ፣ ያ ሰውዬ…» አፋቸውን ጠረጉ። «ግማሹን ነው የከፈለኝ ብዬሻለሁ እኮ።»

ሰልፉ ፈረሰ። ግማሹ ባዶ ባልዲውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ግማሹ ቆሞ ይስቃል። እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ክሎሪኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ዓሣ በሙሉ ቆልፌ «ዛሬ ዓሣ አልሸጥም፣ አልቆብኛል፤ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ለሚደርሰው ይደርሳል» አልኩ። አልሸጥም ያልከውን ነገር የማይፈልግ ሰው አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እንደገና ቆመ፤ አሁን ግን ባልዲ ሳይሆን ክዋቻ ይዞ። ባና ሙሶንዳ ያ ጨርቅ ወገባቸው ላይ እያለ ለመልስ የሚሆን ዓሣ ያስፈልገኛል ብለው ከሁሉ ቀድመው ገዙ። ባ ሳካላ ገንዘቡን በባርኔጣቸው ሸክፈው ዓርብ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መብራት ድርጅቱ ደጃፍ ላይ ነበሩ። የዕዳው ግማሽ ነው፤ ግን ተቀበሏቸው።

ታንከሩ የተፋ ዕለት ድንኳኑ ያስገባኝ በመጠየቂያው ሰዓት ነው።

ከእናቴ ጎን፣ ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነበር። የቤታችንን በር የሠራው አናጢ፣ ባ ቾንጎ፣ እዚያ ነበር የሚተኛው። ፍራሹ ተገልብጦ በክሎሪን ረጥቧል።

ሲስተር ንጎማ ዓይኔን ተከትላ አየች። «ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ነበር» አለች። «ከውሃው አይደለም።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከውሃው አይደለም» አለች እንደገና፣ ሳልጠይቃት። ከዚያ ወጣች። ሽርጧን መልሳ አልለበሰችውም።

እናቴ ዓይኗን ሳትከፍት እጄን ፈልጋ ያዘች። እጇ ልክ እንደ ደረቀ ቅጠል ነው፤ ግን ይሞቃል።

«ጠዋት አፌን ልታጠብ ውሃ ስላቸው ‹ይመጣል፣ ይመጣል› አሉኝ» አለች። «ያኔ አወቅሁ። እኔን ወረፋ የምታስጠብቅ በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ልጅ ናት ያለችው።»

«መጣ አይደል?»

«መጣ። ዘግይቶ።» ከንፈሯን በምላሷ መታች። «አባትሽም እንዲሁ ነበር።»

ዝናቡ አበቃ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ እናቴ ወደ ቤት ተመለሰች። ቡና ቤቶቹ ተከፈቱ፣ ጡብ ሠሪዎቹ መጡ፣ የቀረውን ዕዳ ቀስ እያልን ከፈልን። የባ ቾንጎ ሚስት ውሃ ስትቀዳ ዓሣዋን አልቀበላትም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። ያን ጠዋት ያደረግሁትን ግን ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ እል ነበር። ለማንም። ባ ሳካላ ሲጠይቁኝ ብያቸዋለሁ።

በደረቁ ወር አንድ ቀን ሲያሜ መጣ። ቱታውን አልለበሰም፤ ጀሪካን ይዟል። የባና ሙሶንዳን የእህት ልጅ ሊያገባ ነው ይባላል፤ ይኸው ቪቱምቡዋውን በነፃ ሊያደርገው።

«አንድ ጀሪካን» አለ፣ ዓሣውን ሳህኑ ውስጥ ጥሎ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«መሰላልህን ሳትይዝ መጣህ?»

ሳቀ። «አሁንም አልተውሽኝም?»

«ያን ዓርብ ባንከፍል ኖሮ በእርግጥ ትቆርጠው ነበር? ድንኳኑ እያለ?»

«በምን?» አለ ሲያሜ። ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር እያስተካከለ ነው የሚናገረው፤ ቀናም አላለም። «ያኔ ማን ከፍሎን? መኪናችን ከገና ጀምሮ ነዳጅ አልነበራትም፤ መሰላሉም ፒንሳውም እሷ ላይ ተቆልፈው ነበር። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ በወረዳው ውስጥ አንድ ሽቦ አልቆረጥንም። በእግሬ እየዞርኩ ማስፈራራት ብቻ ነበር ሥራዬ።»